የሐጂ ጀማሉዲን ቪትዝ አፍንጫ

ማክሰኞ ጠዋት የሐጂ ጀማሉዲን ነጭ ቪትዝ ስትነሳ እንደ አህያ ጮኸች። እንደ አንድ አህያ አይደለም፤ የባቲ ገበያ አህያ በሙሉ ባንድ ጉሮሮ ያናፋ ያህል ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ቁርስ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ጉርሻውን ጣለ። ጦሳ ተራራ ራሱ ደንግጦ አንድ ክንድ ወደ ኋላ አፈገፈገ ይባላል፤ እኔ አልለካሁም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ዘግየት ብላ ነው የምትጠልቅብን።

እኔና ኢንስፔክተር ደምለው ስንደርስ ሐጂ ከመኪናዋ አጠገብ ቆመው መቁጠሪያቸውን እንደ አለንጋ ያወዛውዛሉ። እኔ አቤ ነኝ፤ የኢንስፔክተሩ ሾፌር። አብረን ነው ያደግነው፤ ሰው ፊት «ጌታዬ» እለዋለሁ፣ መኪና ውስጥ «አንተ»።

«ምን ጠፋብዎ ሐጂ?» አለ ደምለው።

«አፍንጫዋ!»

«የማን?»

«የመኪናዋ ነዋ! ትናንት አዲስ አፍንጫ አስተክዬላት ዛሬ የለም። ግባና እይ!»

ደምለው ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ እኔን ከሥር አስገባኝ። ከሞተሩ በሚወርደው የጭስ ቧንቧ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ አፉን ከፍቷል። ከአጠገቡ የሽቦዋ ሶኬት ሳትቆረጥ፣ ሳትሰበር፣ በሥርዓት ተነቅላ ተንጠልጥላለች።

«ሌባው ጨዋ ነው» አልኩ ከሥር ሆኜ። «ሽቦ እንኳ አልቆረጠም።»

«ጨዋ ሌባ» አለ ደምለው ለራሱ፤ መፋቂያውን ከአንድ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪትዟ ሰሞኑን ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣ፣ ጥቁር ጭስ ትተፋ ነበር። ሐጂ ትናንት ኮምቦልቻ ወርደው ነጂባ የምትባል መካኒክ ዘንድ ወሰዷት። ነጂባ የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር፣ ይህ አፍንጫ የሚሉት፣ ሞቷል ብላ በአዲስ ቀየረችው። ዕቃው ከእትዬ ኩኩ መለዋወጫ ሱቅ የተገዛ፣ የመጨረሻው ነበር። ሐጂ ወደ ደሴ ተመለሱ፣ መኪናዋን ግቢ አቆሙ፣ መግሪብ ሰግደው፣ እራት በልተው ተኙ። ጠዋት አህያ።

«ታዲያ ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ነጂባን!»

«የልጅዎን የሚስባህን እጮኛ?» አልኩ ከሥር ሳልወጣ። እሁድ ሰርግ እንደሆነ ደሴ ሙሉ ያውቃል፤ እኔማ ሱሪ አሰፍቻለሁ።

«አዎ፣ እሷን! ይህች ዕቃ የት እንደተደበቀች ማን ያውቃል? ስልሳ ዓመት ኖሬ መኪና አፍንጫ እንዳለው የሰማሁት ትናንት ነው። ቦታዋን የሚያውቅ እሷ ብቻ ናት። የመጨረሻዋ ናት ተብሏል፤ ለሌላ ደንበኛ ልታውላት በሰው አስፈትታ ቢሆንስ?» ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከቁጣው ሥር ሐዘን ነበር። «ልጅቷን ወድጃታለሁ ኢንስፔክተር። ግን ወላሂ፣ ሐሙስ ሂናው ከመበጥበጡ በፊት ሌባው ካልታወቀ ሰርጉ የለም።»

ሐጂ ወላሂ ካሉ አለቀ። አንድ ጊዜ ወላሂ ብለው ጫት የተው፣ ጫቱ ራሱ ናፍቋቸው ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ናቸው።

*

በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ነጂባ ከሚኒባስ ሥር ነበረች፤ የሚታየው ጫማዋ ብቻ።

«ፖሊስ ነኝ» አለ ደምለው ለጫማው።

«ሰምቻለሁ» አለ ጫማው። ከዚያ ተንሸራታ ወጣች፤ ፊቷ ላይ ዘይት፣ ዓይኗ ላይ እሳት። «ኢንስፔክተር፣ ልስረቅ ብዬ ብነሳ ሞተሩን ነው የምሰርቀው። አፍንጫ ምን ያደርግልኛል?»

«ስንት ናቸው እነዚህ አፍንጫዎች?»

«ሁለት። ከሞተሩ ጀምረህ የጭሱን ቧንቧ በዓይንህ ተከተል። የፊተኛዋ ከጭስ ማጣሪያው በፊት ናት፤ ጭሱን እያሸተተች ቤንዚኑ በዛ፣ አነሰ ብላ ለኮምፒውተሩ ትናገራለች። የኋለኛዋ ከማጣሪያው በኋላ ናት፤ ማጣሪያው ሥራውን መሥራቱን ትሰልላለች። የፊተኛዋ ከሞተች መኪናው በጭፍን ይጠጣል።»

«እንዴት ትፈታለች?»

«መጀመሪያ የሽቦዋን ሶኬት ትነቅላለህ። ከዚያ ጎኑ የተሰነጠቀ ቡሶላ፣ ክቡን መፍቻ፣ ታስገባለህ፣ ሽቦዋ በስንጥቁ እንድታልፍ፤ ወደ ግራ ታዞራለህ። ግን ቧንቧው ሞቅ ሲል ነው፤ ከቀዘቀዘ ብረት ብረትን ነክሶ ይይዛል። ለማጅ ከሆንክ ደግሞ ቸኩለህ በጋለበት ትነካውና ጣትህን ትሰናበታለህ።»

ደምለው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ይህን የሚያደርገው ነገር ሲገባው ወይም ምሳ ሲደርስ ነው። «እንግዲያ ሐጂ ከገቡ በኋላ፣ መኪናዋ ሳትቀዘቅዝ፣ መግሪብ ሰዓት ላይ ነው የተፈታችው። አንቺ መግሪብ ላይ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፣ ከአክስቶቼ ጋር። ሐሙስ ሂና አለብኝ አይደል? ማን ይበጠብጥ፣ ማን ይቀባ ብለው ሲጣሉ እኔ ዳኛ ሆኜ አመሸሁ።» ጥቁር እጇን ዘረጋችው። «ይኸው እጄ። አክስቴ እስከ ሐሙስ ይህን ዘይት ካላስለቀቅሽ ብላ በኦሞ ስትፈትገኝ ነው የሰነበተችው።» ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። «ሐጂ ሰርጉን ይሰርዙታል ወይ?»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለ ደምለው። እሱ ለሰው ሁሉ አብሽር ይላል፤ ለታሳሪም ጭምር።

*

«የተቃጠለ ጣት እንፈልጋለን» አለኝ ወደ ደሴ ሽቅብ ስንመለስ።

«አግኝቼልሃለሁ!» አልኩት። ውዱ የሚባለው የደሴ መካኒክ ከጠዋት ጀምሮ ቀኝ እጁን እንደ ሕፃን ጠቅልሎ አቅፎ ነው የሚዞረው። ደግሞ ከነጂባ ጋር ደንበኛ ይሻማሉ። ሰሞኑን «ሴት ልጅ መኪና ሥር ምን ታደርጋለች» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ውዱን ጋራዡ በር ላይ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

«እጅህን ምን ነካው?» አለ ደምለው።

«ምንም።»

«ምንም ይህን ያህል ጨርቅ አይጠቀለልለትም።»

ውዱ ግራ ቀኝ አየ፣ ተነፈሰ። «ትናንት ከሰዓት ደጋን መንደር ነበርኩ። ዘመዶቼ ዘንድ።»

«እና?»

«ግመል ነከሰኝ።»

እኔ ሳቄን ዋጥኩ፤ ሳቄ ግን ተመልሶ በአፍንጫዬ ወጣ።

«ሳቅ አንተ! ከግመሉ ጋር ተወራርጄ ነው። ማለቴ ከባለቤቱ ጋር። ቁልቋል ከአፉ ነጥቄ አወጣለሁ ብዬ።» ጨርቁን ፈታ፤ አራት ጥርስ እንደ ማኅተም ተመቷል። ቃጠሎ የለም። ደምለው ደጋን ስልክ ደወለ። ያነሳው ሰው ገና ስለ ግመል ሳንጠይቀው መሳቅ ጀመረ። ከኋላው ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ፤ መንደሩ በሙሉ በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማን፤ ግመሉም የሳቀ መሰለኝ። ውዱ መግሪብ ላይ ገና ደጋን ቁስሉን ሲታጠብ ነበር።

ስንወጣ ውዱ ከኋላ ጮኸ፤ «ኢንስፔክተር! ልጅቷን አታስሯትም አይደል? እኔ የማልችለውን መኪና ለማን ልላክ?»

*

እትዬ ኩኩ የመለዋወጫ ሱቋ ውስጥ መነጽሯን ስትፈልግ ደረስን። መነጽሩ ግንባሯ ላይ ነበር።

«ኦክስጅን ሴንሰር አለሽ እትዬ?»

«ደሴም የለ፣ ኮምቦልቻም የለ። ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ይመጣል ሲሉኝ ሁለተኛ ሳምንቴ።»

«ማንም ሊሸጥልሽ የመጣ የለም?»

«የለም።» ከዚያ ጣቷን አነሳች። «ግን ትናንት ቀትር ላይ አንድ ረጅም ሰው ጎኑ የተሰነጠቀ ቡሶላ ገዝቶኛል። ፊቱን በሻሽ እስከ ዓይኑ ተጠቅልሎ። ስንት ነው አለ፣ ነገርኩት፣ ከፈለ፣ ሄደ።»

«ሳይከራከር?»

«ሳይከራከር! እኔ እንኳ አዝኜ ላስታውሰው ነበር። ስማኝ ልጄ፣ ደሴ ውስጥ ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሙሽራ።»

ደምለው ሳቀ፤ ግን ሳቁ በመሃል ቆመ፣ መፋቂያው ከአፉ ወጣ። ምሳ ደግሞ ገና ነበር።

*

ሙሽራውን ሚስባህን ፒያሳ ላይ ባጃጁን ሲወለውል አገኘነው። ቁመቱ ረዘም፣ ዓይኑ ፍዝዝ፤ እንቅልፍ ከሸሸው የከረመ ይመስላል።

«አባትህ የጠፋባቸው ዕቃ መኪናዋ ውስጥ የት ነው የሚገኘው?» አለው ደምለው ድንገት።

«እኔ የባጃጅ ሰው ነኝ ኢንስፔክተር። ከነዳጅ ታንከሩ ጎን… አይደል?»

«መግሪብ ላይ የት ነበርክ?»

«መንገድ ላይ። ሰው ሳመላልስ።»

የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በሂና ቀልተዋል። «ማሻአላህ፣ ሙሽራው!» ብዬ ትከሻውን መታሁት። ሳቀ፤ እጁን ግን ወደ ኪሱ ከተተ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ደምለው ብቻውን ይስቃል። «ምን አገኘህ?» አልኩት።

«ሂና መቼ ነው አቤ?»

«ሐሙስ ነዋ። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው።»

እንዲህ ነው ይህ ሰው። ያወቀውን ነገር እንደ ኪስ ገንዘብ ይደብቃል። እኔማ ነገሩ አሳዝኖኝ ነበር፤ አንዲት ብረት ናት ሰርግ ያፈረሰችው፣ አዲስ የለ፣ አሮጌ የለ። የፖሊስ መኪናችን ቤንዚን ነው የሚጠጣው። ቧንቧውን በዓይኔ ተከተልኩ እንጂ ሌላ ምን አደረግኩ።

*

ሐሙስ ከዝሁር በኋላ ሁሉም ኮምቦልቻ ነጂባ ጋራዥ ተጠሩ፤ የደምለው ትእዛዝ ነው። አያቱ ሰፈር ዕቃ ሲጠፋ የሚደረግ አንድ ነገር ነበር፦ ሰው ሁሉ በጋቢው ሥር ገለባ ይዞ ይመጣል፣ ከመጋረጃ ኋላ ተራ በተራ ብቻውን ገብቶ ክምሩ ላይ ይደፋል። ሌባው ዕቃውን በገለባው ውስጥ ይጥላል። ዕቃው ይገኛል፣ ፊት አይታይም።

«ሌባው ይታወቅ ነው ያልኩት እኔ!» አሉ ሐጂ።

«ዕቃው ራሱ ይናገራል ሐጂ። እርስዎም ይደፋሉ። ከሳሽም ቢሆን።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ የፖሊስ መኪናችን እንደ አውሮፕላን ይጮህ ነበር። «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ ደምለው።

«የሐረጎ ነፋስ ነው ጌታዬ።» ብቻችንን ሆነን «ጌታዬ» ማለቴን አላስተዋለም፤ ወይም አስተውሎ ዝም አለ።

ደርሰን ሳንወርድ የውዱ ኮሮላ እያናፋች ገባች። ቀጥላ የእትዬ ኩኩ አሮጌ ፒክአፕ፣ እሷም ታናፋለች። የሐጂ ቪትዝማ ማክሰኞ ከነበረችው እጥፍ ሆና መጣች፤ ጋራዡ ጣሪያ ላይ ያሉ እርግቦች ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ወደ ሐርቡ ሲበሩ ነው። ዝም ብሎ የመጣው የሚስባህ ባጃጅ ብቻ፤ ጥጥጥ ብሎ ቆመ።

በአንድ ጥግ የነጂባ አክስቶች የሂናውን ዱቄትና ሳህኑን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ውሃው አልፈሰሰበትም። ነጂባ ራሷን ተከናንባ፣ ፊቷ ብቻ ወጥቶ መጋረጃ ከሆነው ሸራ አጠገብ ቆማለች። ከሐጂ በቀር ሁሉም ያያታል፤ ሐጂ መሬት መሬት ያያሉ። ሚስባህን ደምለው ከበሩ ውጭ አስቀርቶታል፤ ከኒካው በፊት መተያየት ነውር ነውና።

ሐጂ ገብተው ደፉ። ውዱ ደፋ። ኩኩ ደፋች። እኔም ሰው ነኝ፣ ደፋሁ። ሚስባህ በመጨረሻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ገባ፣ ደፍቶ ወጣ፣ ከበሩ ኋላ ቆመ።

«በይ ነጂባ፣ ፈልጊ» አለ ደምለው።

ነጂባ ገለባውን በእጇ በተነች። አንዲት ሴንሰር አነሳች። «አልሐምዱ…» ብላ ሳትጨርስ ሌላ አገኘች። ከዚያ ሦስተኛ። አራተኛ። አምስተኛዋ ስትወጣ አንደኛዋ አክስቷ ሳህኑን አስቀምጣ «ኧረ እየፈለፈለች ነው!» አለች።

አምስት ሴንሰር። የጠፋው አንድ።

ነጂባ አምስቱን በጨርቅ ላይ ደረደረቻቸው፤ አፍንጫቸውን ታያለች፣ ታሸታለች። «ይህች በዘይት ጠቁራለች፤ ዘይት የሚበላ ሞተር ነው። ውዱ፣ ኮሮላህን አድስ ብዬህ አልነበር?»

ውዱ በግመል የተነከሰ እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ይህች ጥቀርሻ ለብሳለች፤ ቤንዚን የሚበዛበት መኪና። እትዬ ኩኩ!»

«ምን ላድርግ ልጄ» አለች ኩኩ፣ «ሱቄ ውስጥ የለ። ሌባው ባይመልስ ብዬ…»

«ይህች ደግሞ ጭቃ፣ ከፍተው የማያዩት መኪና ናት። የመንግሥት።»

ደምለው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። እርግብ አልነበረም።

ነጂባ አራተኛዋን አንስታ አገላበጠቻት። «ይህች የፊተኛ አይደለችም። ከማጣሪያው በኋላ የምትተከለው ናት። ሽቦዋ ሲወዛወዝ አይቼ ሰኞ በቀይ ክር ያሰርኳት እኔ ነኝ… አባ ሐጂ?»

ሐጂ ጀማሉዲን ስልሳ ዓመት የጠበቁት ክብር በጢማቸው ሥር ሲንቀጠቀጥ አየሁት። «አንቺ ነሽ ሁለተኛ አላት ያልሽኝ» አሉ። «ወላሂ ብያለሁ፣ ከአፌ ወጥቷል። ሌባው ባይመልሳትስ? ሰርጉ በምን ይትረፍ? ጎረቤት ለምኜ አስፈታሁ።»

የራሳቸውን መኪና የሰረቁ ከሳሽ ዓለም ላይ ሐጂ የመጀመሪያው ናቸው። ሁላችንም ለመሳቅ አየር ሳብን፤ ደምለው ግን እጁን አነሳ።

«አምስተኛዋስ?»

«አምስተኛዋ የኔዋ ናት» አለች ነጂባ። «አዲሷ። ጥርሷ ላይ የቀባሁት ቅባት ይኸው። ሽቦዋ ላይ ግን…» ወደ ብርሃን አስጠጋችው። «ቀይ ነገር አለ። ሂና ነው።»

«ሂና ለመቼ ነበር?» አለ ደምለው።

«ለዛሬ» አሉ አክስቶቹ ባንድ አፍ። «ገና መች ተበጠበጠ!»

«ማክሰኞ ጣቱ በሂና የቀላ አንድ ሰው አየሁ። ሂና ለቃጠሎም ይደረጋል። ዛሬ አምስት ሰው ገለባ ደፋ። የአራቱ መኪና እያናፋ መጣ፤ ከየራሳቸው ነው የፈቱት። ያላናፋው አንድ ነው። ባጃጅ ደግሞ እንዲህ ያለ አፍንጫ የላትም።»

ከበሩ ኋላ ጫማ መሬቱን ሲቧጥጥ ተሰማ። ከዚያ የሚስባህ ድምፅ፤ «እኔ ነኝ።»

«አንተ!» አሉ ሐጂ። «የገዛ እጮኛህን ሌባ ልታስብል?»

«እርሷን ይከሳሉ ብዬ መች አሰብኩ አባባ! አንድ ወር ሙሉ አትተያዩ ተባልን፣ እሺ አልን። እርስዎ ግን መኪና ተበላሸ ብለው ወደ እርሷ ይወርዳሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ተመልሰው ‹ነጂባ እንዲህ አለች፣ ነጂባ እንዲህ ሳቀች› ይሉኛል። መኪናዋ እንኳ አይታት ትመጣለች! ዳግመኛ ከተበላሸች ይሰለችዎትና ‹አንተ ውሰዳት› ይሉኛል ብዬ ነው። ሲናገሯት ደግሞ ፈራሁ፤ ልመልሳት ስል ግቢው ሰው አይጠፋበትም።»

«ቦታዋን ማን አሳየህ?» አለ ደምለው። «ከታንከሩ ጎን ነው ብለኸኝ አልነበር?»

አሁን ደግሞ ነጂባ ክንብንቧን እስከ አገጯ ሳበችው። «በስልክ እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች ከጨርቁ ውስጥ። «ሌላ ሰው ከእጮኛው ጋር ስለ ጨረቃ ያወራል፤ እኛ ስለ ሴንሰር።»

«ሶኬቱን መጀመሪያ ብለሽኛል፣ አደረግኩ» አለ ድምፁ ከበሩ ኋላ። «ወደ ግራ ብለሽኛል፣ አደረግኩ። ሞቅ ሲል ብለሽኛል…»

«ሞቅ ሲል አልኩህ እንጂ ሲንቀለቀል አልኩህ?»

ሐጂ መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቀነቀ። ቀጥሎ ጢማቸው። ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ፤ ከቪትዟ ጩኸት የሚበልጥ ድምፅ በዚያ ቀን የሰማሁት ያን ብቻ ነው። ወደ ነጂባ ሄደው ዘይት የነካ እጇን ይዘው ሳሙት። «አውፍ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

«አብሽሩ አባ ሐጂ» አለች። «ግን አራት መኪና ቆሟል። ሂናዬ ደግሞ ዛሬ ነው።»

አክስቶቿ አልጠበቁም። ውሃው ፈሰሰ፣ ሂናው ተበጠበጠ፣ ሁለቱ እጆቿ እስከ አንጓ ተቀብተው በጨርቅ ተጠቀለሉ። እንኳን ቡሶላ ማንኪያ መያዝ አትችልም።

ኢንስፔክተር ደምለው የዚያን ጊዜ ነው ፍርዱን የሰጠው፤ አራቱንም መኪና ሚስባህ ይገጥማል። ሸራው በጋራዡ መሃል ተወጠረ፤ ነጂባና አክስቶቿ ከወዲያ፣ መኪኖቹ ከወዲህ። ሚስባህ ከቪትዟ ሥር ገባ።

«የፊተኛዋ ገባች!» ብሎ ጮኸ።

«በእጅህ ጀምረህ ነው ያጠበቅከው፣ ወይስ በቁልፍ?» አለች ከሸራው ወዲያ።

«በእጄ!»

«ቅባቱ ጥርሷ ላይ ብቻ፤ አፍንጫዋን እንዳትነካ!»

«አልነካሁም!»

«ሶኬቷስ?»

«ቀጭ ብላለች!»

«አስነሳት እስቲ።»

ሐጂ ቁልፉን አዞሩ። ቪትዟ እንደ ጠገበ ድመት አንኮራፋች። አክስቶቹ እልል አሉ። እትዬ ኩኩ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ከቪትዟ ሥር የወጡትን ሁለት ረጃጅም እግሮች አተኩራ አየች። «ቡሶላውን የገዛኝ ይህ ነው! ወይ ሌባ ወይ ሙሽራ አላልኳችሁም? ሁለቱንም መሆን እንደሚቻል ግን አላወቅኩም ነበር።»

እስኪመሽ አራቱም ተገጠሙ። የፖሊሱ መኪና የመጨረሻ ነበር፤ ሚስባህ ወደ ሥሩ ሲገባ ደምለው አጠገቤ ቆመ።

«አቤ፣ የሐረጎ ነፋስ ዛሬ ስንመለስ ይነፍሳል?»

«አይመስለኝም ጌታዬ» አልኩት።

እሁድ ሙሽሪትን ይዘን ስንወጣ አንድም መኪና አላናፋም። ሐረጎን በእልልታ ብቻ ነው የወጣነው። ሚስባህ ከቪትዟ የኋላ ወንበር፣ ከነጂባ ጎን ተቀምጦ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ታናፋ ይሆን ብሎ ደጋግሞ ወደ ውጭ ያዳምጥ ነበር፤ እሷ በቀላው እጇ ፊቱን ወደ ራሷ እስክታዞረው ድረስ።